የነጂብ ጭንቅላትና የዱላ ሕግ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አሥራ አንድ ስፌት። ነርሷ ፋሻውን ስትቀይር ቆጠርኩት። ከግራ ጆሮው በላይ ይጀምርና ወደ ኋላ ይታጠፋል። ነጂብ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው «ታዲያ አንድ ጨምሩልኝና ደርዘን ይሁን» ብሎ ነርሷን አሳቃት። እኔ አልሳቅኩም። መሳቅ እንደነበረብኝ ግን ገብቶኛል።

ዛሬ ከሆስፒታል ወጣ። የራስ ቅሉ አልተሰበረም፣ ውስጥም ደም አልፈሰሰም ብለዋል። እናቱ እማማ ዘሀራ ቅዳሜ ከሰቃ ከመጡ ጀምሮ ከአጠገቡ አልተለዩም። እኔን ሲያዩ ተነስተው አቀፉኝ። «አንተም ደንግጠሃል፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። መቺውም እኔ፣ የታቀፍኩትም እኔ።

የሆነውን ሳልረሳው በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር፣ ሶስና የተከራየችበት ግቢ። እንደ ሁልጊዜው ሦስታችን ለጨዋታ ተሰብስበናል፤ ነጂብ፣ ሶስናና እኔ። የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ የፈጠሩትን ሰው ሆነው ይናገራሉ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ደግሞ ዳይስ ይወስናል። ሁለት ዓመት ተጫውተነዋል። የሚመራው ነጂብ ነው። እኔና እሱ ስለ ዱላ ተከራከርን። በተግባር እንሞክረው ተባባልንና ወጣን። እሱ የመጥረጊያ እንጨት ያዘ፣ ጎራዴ መሆኑ ነው። እኔ የሶስና አከራይ የግቢውን በር የሚደግፉበትን ዱላ አነሳሁ። ሶስና ስልክ ተደውሎላት ቤት ውስጥ ነበረች። መጀመሪያ ወደ ጉልበቱ ሰነዘርኩ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ። ወደ ኋላ ወደቀ። ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ ሆስፒታል።

ለጠየቀኝ ሁሉ «እየተጫወትን ነበር» አልኩ። ውሸት አይደለም።

ነጂብ ራሱ ምንም አያስታውስም። ከበሩ ከወጣን በኋላ ያለው ነጭ ነው ይላል።

ምን እንደሚሰማኝ ራሴን ጠየቅኩ። ምንም። እግር ሲደነዝዝ መኖሩን ታውቃለህ፣ ግን ያንተ አይመስልህም፤ እንደሱ። ሥራ ገብቼ ሁለት ኪቦርድ ቀየርኩ፣ አንድ ፕሪንተር ፈታሁ። የኮምፒውተር ክፍሉ ተማሪዎች ስለ ኢንተርኔቱ ሲያማርሩ ሰማኋቸው። ደህና ዋልኩ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ስለ ዱላ የጻፍኩትን ሦስት ገጽ ከቦርሳዬ አወጣሁት። ቅዳሜ ለነጂብ ላነብለት የወሰድኩት ነው። አንዱ ጥግ ላይ ሻይ ፈሶበታል።

ነጂብ ከኢንተርኔት ያወረድነውን ሕግ ለእኛ እንዲመች አሳጥሮ ነው የጻፈው። በእሱ ሕግ ጎራዴ ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ ይጣልለታል፣ ጦር ባለ ስድስት፣ ዱላ ባለ አራት። ስለዚህ ዱላ የያዘ ሰው ምንም ቢቀናው ከአራት በላይ አይጎዳም። የእኔ ሰውዬ ዱላ የያዘ መናኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በእግሩ አስኬድኩት። ቅዳሜ ሽፍታ ገጠመው፣ ዳይሱን ጣልኩ፣ አራት መጣልኝ። ከዚያ በላይ የለም። ሽፍታው ግን ቆሞ ቀረ፣ የእኔው ሰው ሞተ። ነጂብ «ሞተሃል፣ አልቅስ» አለኝ።

የጻፍኩት ባጭሩ ይሄ ነው። ዱላ ረጅም ነው፤ ባለ ጎራዴው ሳይደርስብህ አንተ ትደርስበታለህ። ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ሲመከት ሌላው ይገባል። ይወጋልም፤ የድሮ የአውሮፓ የዱላ አስተማሪዎችን ሥዕል አይቻለሁ፣ ታች ሩቡን ጨብጠው ረጅሙን ጫፍ እንደ ጦር ወደ ፊት ይቀስሩታል። በየጨዋታው ሥዕል ላይ ግን ዱላ የሚይዘው ጢማም ጠንቋይ ነው፣ ይደገፍበታል፣ ከጫፉ ብርሃን ይወጣል። ማንም አይመታበትም። ድሃ ገበሬ ጎራዴ መግዛት አይችልም፣ ዱላ ግን ከዛፍ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ ብዙ ሰው የሞተው በዱላ መሆን አለበት ብዬም ጽፌያለሁ። ምንጭ የለኝም። ግን ያልኩት እውነት መሆኑን አሁን በስፌት ቆጥሬዋለሁ።

ሌላም አለ። አባባ ከመንዝ ናቸው፣ ለመንግሥት ሥራ ጅማ መጥተው እዚሁ የቀሩ። ልጅ ሆኜ ግቢያችን ውስጥ ሽመል አስይዘው ምክቶሽ ያጫውቱኝ ነበር። «መጀመሪያ እግሩን ፈልግበት፣ ዓይኑ ወደ እግሩ ሲወርድ ላይኛው ቤት ክፍት ነው» ይሉኛል። ወዲያው ደግሞ «ግን ላይኛው ቤት አይገባም። ከአንገት በላይ መምታት ነውር ነው፣ ጠላትህ ካልሆነ» ይላሉ። በሦስት ገጼ ውስጥ የፊተኛውን ጽፌ ሁለተኛውን ትቼዋለሁ። ለጨዋታው አይጠቅምም ብዬ።

ከሥራ በኋላ ነጂብ ቤት ሄድኩ። እማማ ዘሀራ የበግ ሾርባ ሠርተዋል። እሱ እየጠጣ «ሽታው ብቻ ያድናል» ይላቸዋል፣ እሳቸው ደስ ይላቸዋል። ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኘኝ። ከኪሱ ትንሽ የወረቀት ከረጢት አወጣ። የተቆላ ቡና ናሙና ነው። አፍንጫው ሥር ያዘው፣ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ።

«ምንም» አለኝ። «ከቅዳሜ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። ሾርባው ሙቅ ውሃ ነው።»

ነጂብ ቡና ቀማሽ ነው። ቡና ወደ ውጭ ከሚልኩት ጋ በቅምሻ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቷል። ስኒውን አሽትቶ የሊሙውን ከሰቃው፣ የታጠበውን ከነገለባው ከደረቀው ጀንፈል ይለያል። ሌላ ሙያ የለውም። ሐኪሙ ነርቭ ተጎድቶ ይሆናል፣ በሦስት ወር ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ብሎታል።

«ለማንም እንዳትናገር። ለእናቴም» አለኝ።

እሺ አልኩ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ይሄን ማንም አያነበውምና እውነቱን ልጻፍ።

ግቢው ውስጥ ወጥተንም ስንከራከር ነጂብ እየሳቀ «ዱላህም እንዳንተው ነው፤ ያስፈራራል እንጂ አይመታም» አለኝ። ሶስና ትሰማ ነበር። ፈገግ አለች። ወዲያው ስልኳ ጠራና ገባች።

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ለማስተርስ ፎርም ሞልቼ ሳላስገባ ሁለት ጊዜ ቀኑ አልፎብኛል። ሶስናን እንደምወዳት ልነግራት ካሰብኩ ዓመት አልፎኛል፣ አልነገርኳትም። ነጂብ ሁለቱንም ያውቃል። የዘጠነኛ ክፍል ጓደኛዬ ነው፣ የማያውቀው የለም። ክፋት አልነበረበትም። አፉ ነው እንዲህ።

ግቢው ውስጥ ወደ ጉልበቱ ስሰነዝር ዓይኑ ወረደ። ዱላውን አነሳሁ። ዱላው ወደ እሱ ሲሄድ ጊዜ ነበረኝ። ብዙ አይደለም፣ ግን አባባ ላስተማሩት ሰው ይበቃል። ክንድን መሳብ ይቻላል። አንጓን አጥፎ ማሳለፍ ይቻላል። ትከሻው ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። አንዱንም አላደረግኩም። ልገድለው አልፈለግኩም። እንዲያመው ግን ፈልጌያለሁ።

ይሄው። ጻፍኩት። ስጽፈው የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ጨዋታው ላይ አንድ ዳይስ መምታትህን ይነግርሃል፣ ሌላው ምን ያህል እንደጎዳህ። በሁለቱ መካከል «አሁን እጅህን ትሰበስባለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሕግ የለም። እኔም ስንትና ስንት ስለ ርዝመትና ስለ ጫፍ ስጽፍ እሱን አላሰብኩትም።

ዛሬ አምስት ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ጫንኩ። ምሳ መብላቴን አላስታውስም፣ ሳህኑ ግን ባዶ ነበር።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አባባ ሳያማክሩኝ ሽማግሌ ልከዋል።

ትናንት ነው። የዕድራችን ሊቀመንበር ከጎረቤታችን ከሐጂ ከማል ጋር ሰቃ ወርደው የነጂብን አባት አባ ፊጣን አነጋግረዋል። ዛሬ ምሳ ላይ ነው የሰማሁት። በአባባ አገር ደም ከፈሰሰ የመቺው አባት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሽማግሌ ይልካል። ለክብር ብለው ነው ያደረጉት፣ ያውም አንዱን እስላም አንዱን ክርስቲያን መርጠው።

አባ ፊጣ በደንብ ተቀብለዋቸዋል፣ ማር ቀርቧል። የመጡበትን ሲነግሯቸው ግን ግራ ገባቸው። ሐጂ ከማል ቃል በቃል ነገሩኝ። «ልጆቹ ሲጫወቱ ነው አልተባለም እንዴ? ለአደጋ ከሆነ አባትየው ራሱ ስኳር ይዞ ይመጣል፣ ቁጭ ብለን እንጫወታለን። ጃርሳ፣ ሽማግሌ፣ ከመጣ ግን ጠብ ነበር ማለት ነው። ጠብ ነበር እንዴ?» አሏቸው።

ልጆቹን መጠየቅ ይሻላል አሉ። አባ ፊጣም «የመጣ ጃርሳ ባዶውን አይመለስም፤ እሁድ እንቀመጥ፣ ልጆቹም ይምጡ፣ ከአፋቸው እንስማ» አሉ።

አባባ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ ነገርን ሁሉ በመመሪያ ነው የሚያዩት። «ሥርዓቱ ይኸው ነው» አሉኝ። እማዬ «የእኛ ሥርዓት እኮ የእነሱ አይደለም፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖረህ!» አለቻቸው። 

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠብ ነበር?»

«አልነበረም» አልኩ።

«ከአንገት በላይ እንዴት ሄደ ታዲያ?»

«አመለጠኝ።»

እጄን አዩት፣ ፊቴን አይደለም። እሳቸው ያስተማሩት እጅ እንደማያመልጠው ያውቃሉ።  እንጀራውን ቆርሰው ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከጠዋት ጀምሮ በየመንደሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ከሥራ ስወጣ ከተማው በጭስ ተሸፍኖ ነበር፣ የባጃጁ ሹፌር መብራት አብርቶ ነው የሄደው።

ነጂብ በሩ ላይ በርጩማ አድርጎ ተቀምጧል። እማማ ዘሀራ በሻሻቸው አፍንጫቸውን ይዘው «እናንተ ክርስቲያኖች ዛሬ ልትጨርሱን ነው» ብለው ቀለዱብኝና ወደ ውስጥ ገቡ። ነጂብ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ከጭሱ ነው። በሩ ሲዘጋ ቀስ ብሎ «ምንድነው የሚሸተው?» አለኝ።

«ቅጠል» አልኩ። «የባሕር ዛፍ ቅጠል። ላስቲክም አለበት። ከወዲያ በኩል ደግሞ አሮጌ ጫማ ሳያቃጥሉ አልቀሩም።»

«ላስቲኩ ይከብዳል?»

«ይከብዳል። ጉሮሮ ላይ ይቀራል።»

ራሱን ነቀነቀ። ድሮ እሱ ነበር እንዲህ የሚያደርግልኝ። ስኒ ይሰጠኝና «ሎሚ አለው አይደል? መጨረሻው ላይ ማር» ይለኛል፣ እኔ ምንም ሳይገባኝ አዎ እላለሁ። ዛሬ አዎ የሚለው እሱ ሆነ። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተጫነኝ፣ ከዚያ ለቀቀኝ። ከሳምንት ወዲህ የተሰማኝ ይሄ ብቻ ነው።

ከመሥሪያ ቤቱ ደውለውለታል። በሚቀጥለው ሳምንት የሊሙ ገነት የዘንድሮ ቡና ናሙና ይገባል፣ እሱም ቅምሻው ጠረጴዛ ላይ ይፈለጋል። ድኛለሁ ብሏቸዋል።

«እንዴት አድርገህ?» አልኩት።

«ከጎኔ ያለው ልጅ የሚሰጠውን ነጥብ እያየሁ እሰጣለሁ። ፊታቸውንም ማንበብ ይቻላል።»

«ተሳስተህ የአንዱን ገበሬ ቡና ብትጥልበትስ?»

«እሱን ነው እንቅልፍ ያጣሁበት» አለ። ከዚያ «እሁድ አደጋ ነው በልና ይለቅ። አባቴ ነገር ማርዘም ይወዳል። እኔ እንደሁ ምስክር አልሆን፣ ምንም አላስታውስ» አለኝ።

ያን ቀን ሶስና ቤት ውስጥ ነበረች። እሱ ምንም አያስታውስም። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ማለት ነው። ስሄድ የጭሱ ሽታ ሸሚዜ ላይ ቀርቶ ነበር። አውልቄ አጠብኩት።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጨዋታ የለም። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሶስና ቤታችን መጣች። ግቢው ውስጥ ቆመን አወራን። ስለ እሁዱ ሰምታለች። «ዮኒ፣ ከፈለግክ አብሬህ ሰቃ እሄዳለሁ። በመስኮት አይቻለሁ፣ ሲጫወቱ ነው እላለሁ» አለችኝ።

«አላየሽም እኮ» አልኳት።

«ባላይስ? አውቅሃለሁ አይደል። አንተ ዝንብ አትመታም።»

እሷም አይመታም አለች። ያለፈው ቅዳሜ ነጂብ ያለውን መድገሟ እንደሆነ አልገባትም። በፍቅር ነው ያለችው። አትምጪ አልኳት። ትንሽ የተከፋች መሰለኝ።

ከሄደች በኋላ ወረቀት ላይ መስመር አስምሬ ጻፍኩ።

አደጋ ነበር ካልኩ፦ ነገሩ እሁድ ያልቃል። አባባ ሥርዓት የማያውቁ የዋህ ሽማግሌ ተብለው ይሳቅባቸዋል፣ እሱም ይረሳል። እማማ ዘሀራ እንደገና ያቅፉኛል። ነጂብ ጓደኛዬ ሆኖ ይቀጥላል፣ የሌላውን ፊት እያነበበ ቡና እየቀመሰ።

ሆን ብዬ ነው ካልኩ፦ ጓደኛዬን አጣለሁ።

ሁለተኛው ላይ ሌላ የምጽፈው አጣሁ። አንዱ ብቻውን ሞላው።


እሁድ፣ ኅዳር 14

ሰቃ ደርሰን መጣን።  

አባ ፊጣ ግቢ ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ከታች እስከ ላይ ቀይ ነው። የነጂብ ፋሻ ተነስቷል። ስንደርስ ቡናውን በእጁ እያገላበጠ ነበር፤ እፍኝ አነሳና ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ሰው እንዳየው ሲያውቅ መለሰው።

በረንዳው ላይ ስድስት ሽማግሌ ተቀመጠ። ከእኛ ወገን አባባ፣ ሐጂ ከማልና ሊቀመንበሩ። ዱዓ ተደረገ፣ አሜን አልን። የእነሱ ትልቁ ሽማግሌ በኦሮምኛ ጀመሩ፣ ለአባባ ብለው ወደ አማርኛ መለሱት። ልጆቹ ወንድማማች ናቸው አሉ። ልጁም አልሐምዱሊላህ ድኗል አሉ። ነገሩን ለመዝጋት የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጠብ ነበር ወይስ አልነበረም? እሱን ብቻ ንገረን፣ ማሎ፣ እባክህ» አሉኝ።

አልነበረም የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ከመንገድ ጀምሮ ስለማመደው ነው የመጣሁት።

«ተናድጄ ነበር» አልኩ። «አንድ ቃል ተናገረኝና ተናደድኩ። እጄን መመለስ እችል ነበር። አልመለስኩትም። በአባቴ ፊት አልነበረም ብዬ ዋሽቻለሁ፣ እሳቸው አያውቁም።»

ከዚያ ተነስቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። መቀመጥ አቃተኝና ቆሜ ቀረሁ። አባባ አቀርቅረዋል። አባ ፊጣ አፍጥጠው እያዩኝ ነበር።  ከዚያ ነጂብ «እኔም የደበቅኩት አለ» አለ።

ነገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም እንደማይሸተው ነገራቸው። የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ሊያታልል እንደነበረም ነገራቸው። አላማረረም፣ ዘገባ የሚያነብ ነው የሚመስለው።

እማማ ዘሀራ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ወደ ልጃቸው እንጂ ወደ እኔ አላዩም። «ሾርባውስ?» አሉት። «ሽታው ያድናል ያልከኝ?»  ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ። ያኔ ነው የሰበርኩት ምን እንደሆነ የገባኝ። ያን ቅዳሜ ደሙን ሳይ አልገባኝም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ተነጋግረው ተመለሱ። ጉዳቱ ሳይታወቅ እርቅ አይዘጋም አሉ። ሦስት ወር ይጠበቃል፣ ያኔ እንደገና ይቀመጣሉ። እስከዚያ የአባ ፊጣን ደጃፍ አልረግጥም። አባ ፊጣ በመጨረሻ «እውነቱን ስላወጣህ አልረግምህም» አሉኝ። «ዛሬ ግን ቤቴ ምሳ አትበላም።» ለአባባና ለሽማግሌዎቹ ምሳ ቀረበ። አባባ አልበሉም፣ አመስግነው ተነሱ። ሌሎቹ በሉ፣ እንደዚያ ነው የሚገባው።

ብቻዬን ወደ መንገዱ ወጥቼ ሚኒባስ መጠበቅ ጀመርኩ። ነጂብ ከኋላዬ መጣ። ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ።

«ምን ብዬህ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ዱላህም እንዳንተው ነው፣ ያስፈራራል እንጂ አይመታም ያለኝን።

«ለዚች?»

«ለዚች።»

አሰበ። «ወላሂ፣ እዚያ ቁጭ ብዬ ምን በድዬው ይሆን እያልኩ ራሴን ስፈትሽ ነበር። አንድ ትልቅ ነገር ያደረግኩብህ መስሎኝ ነበር» አለ። ተመልሶ ሄደ።

ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሙዝ አውጥተው ሰጡኝ፣ ምን ሆንክ አላሉኝም። ሙዙን በላሁት። እማዬ ለቅበላ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችን፣ ከእሱ ግን መብላት አልቻልኩም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጾም ገብቷል። ሥራ ገባሁ። አንድ ተማሪ ፊቴን አይቶ አሞህ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት፣ ከዚያ አይ አልኩት።

አባባ ከእሁድ ጀምሮ ስለዚያ ነገር አላወሩም ነበር። ዛሬ ጠዋት ጫማቸውን እያሰሩ «እኔም ስህተት ሠርቻለሁ» አሉ። «ሳልጠይቅህ ላክኋቸው።»

«ባይልኳቸው ኖሮ አልናገርም ነበር» አልኳቸው።

«እሱን አውቃለሁ» አሉና ሌላኛውን ጫማ አሰሩ።

ከሰዓት ነጂብ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሃያ ሰከንድ። ለአለቃው እውነቱን ነግሮታል። አላባረሩትም። ከቅምሻው ጠረጴዛ አንስተው ጥሬ ቡና ለቀማ ላይ አድርገውታል፣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው መለየት። «ለዚህ ዓይን ይበቃል» ይላል። ከዚያ ከኋላው ሴቶች ሲያወሩ ይሰማል፣ ከዚያ ያልቃል። ደውልልኝ አላለም። አትደውል አላለም። ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

ለአባባ አሰማኋቸው። ሽማግሌ የወሰነውን እንዳላፈርስ ብዬ መደወል ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደ ቢሮ ሰው አሰቡ። «ውሳኔው የሚለው ደጃፍ ነው። ስልክ አልተጠቀሰም። ያልተከለከለ ነገር የተፈቀደ ነው» አሉ። ቀልዳቸው ይሁን ቁም ነገራቸው አላውቅም።

ግቢ ወጥቼ ደወልኩ። ምን እንደምለው አላዘጋጀሁም። ፈርቼ ነበር፣ መፍራቴም ይታወቀኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠራና አነሳው።

«ነጂብ» አልኩ።

«አለሁ» አለ።

 ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልዘጋውም።